«ትወደኛለህን?»፦ ርኅራኄያችን ከየት ይቀዳል?

(በዐቢይ ጾም፣ በመፃጉዕ ሳምንት፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ለሚጠይቁ የአንድ ሰበካ ወጣቶች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

የተሰጠኝ ርእስ «ክርስቲያናዊ ርኅራኄ» የሚል ነው። ስለ ርኅራኄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ ችግረኛው ይሆናል። ስንት ሰው ተራበ፣ ስንት ሰው ጎዳና ወጣ፣ ስንት ብር ያስፈልጋል። ይኼ ሁሉ መወራት አለበት። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ የሚቀድመውን ላንሣ። የሚያዝነው ልብ ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? ከመጣስ በኋላ ለምን ቶሎ ይደክማል?

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን አስታውሱ። ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ጥብርያዶስ ባሕር ላይ ሲለፉ አድረው ምንም ሳይዙ ነጋባቸው። በቃሉ መረባቸውን ጥለው 153 ታላላቅ ዓሣ ሳቡ። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም ተያይዟል፣ ዓሣ ተቀምጦበታል፣ እንጀራም አለ። ቁርሱን ያዘጋጀላቸው ጌታ ራሱ ነው።

ጴጥሮስ እዚያ አለ። በዚያች ሌሊት፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ፣ «አላውቀውም» ብሎ የካደው ጴጥሮስ። በልተው ሲጨርሱ ጌታ ጠየቀው። «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ፥ ትወደኛለህን?» ሦስት ጊዜ ጠየቀው። በመለሰ ቁጥርም አደራ ሰጠው። «ግልገሎቼን አሰማራ። ጠቦቶቼን ጠብቅ። በጎቼን አሰማራ።»

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው። «በጎቹን ትወዳቸዋለህ?» አላለውም። አንድ ሰው እረኛ ሲቀጥር የሚጠይቀው እኮ ይኼን ነው። ከብት ትወዳለህ? ብርድና ፀሐይ ትችላለህ? ጅብ ቢመጣ ጥለህ ትሸሻለህ? ጌታ ግን የጠየቀው ስለ ራሱ ነው። እኔን ትወደኛለህ? ከወደድኸኝ እንግዲያው በጎቼን እንካ። በጎቹ የጴጥሮስ አይደሉም። የእርሱ ናቸው። ጴጥሮስ እነሱን የሚጠብቀው ባለቤታቸውን ስለሚወድ ነው።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አይወጣም። እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ ይቀድማል። ለሰው መራራት ከእርሱ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁለቱንም እናጣለን።

መራራት መጀመር አይከብድም። ይኼን የምለው ሰውን ለማሳነስ አይደለም። አገራችን ውስጥ ሰው ሲወድቅ ሰው ይሰበሰባል። ጎረቤት ታመመ ሲባል ምግብ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሌሊቱን አብሮ የሚያድር አለ። ቲክቶክ ላይ አንዲት እናት ስታለቅስ ከታየች በዚያው ማታ በቴሌብር ገንዘብ ይገባላታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኼ ልብ አሁንም አለን።

ፈተናው የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አልጋ ላይ የዋለ አንድ አባት አለ እንበል። መጀመሪያ ሳምንት ቤቱ ሰው ይሞላል። ብርቱካን ይመጣል፣ ዳይፐር ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል። ፎቶ ይነሣል። ከወር በኋላ ጥቂት ሰው ይቀራል። ቀስ በቀስ ደግሞ እነሱም «ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው» ማለት ይጀምራሉ።

ይኼ የሚሆነው ክፉዎች ስለሆንን አይመስለኝም። የአልጋ ቁስል ያጠበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰውየውን ቀስ አድርጋችሁ በጎኑ ታገላብጡታላችሁ። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። እያራሳችሁ በትንሽ በትንሹ ታላቅቁታላችሁ። እሱ ይጮኻል። ይሳደባልም። ሽታው ልብሳችሁ ላይ ቀርቶ ቤት ድረስ ይከተላችኋል። ጨርሳችሁ ስትነሡ «እግዜር ይስጥልኝ» አይላችሁም። «ትናንት የት ነበራችሁ?» ነው የሚላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይኼው ይደገማል። ቁስሉም አልዳነም። እንዲያውም ብሶበት ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን እንባ የለም። አንጀት የበላው ነገር ተለምዷል። ማዘን ብቻውን የሚያደርሰው እዚህ ድረስ ነው።

ማዘን ሌላም ጠባይ አለው፤ ይመርጣል። ሕፃን ያሳዝነናል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች አሮጊት ታሳዝነናለች። አረቄ አረቄ የሚሸተው ጎልማሳ ግን አያሳዝነንም። «ለመድኃኒት» ብሎ ወስዶ የጠጣበት ልጅ አያሳዝነንም። ሚስትና ልጆቹን በትኖ ኖሮ፣ አሁን ሲታመም ጠያቂ ያጣ አባትም አያሳዝነንም። «የእጁን ነው ያገኘው» እንላለን። ስለ እሱ የሚለጥፍ ሰው የለም።

ለእግዚአብሔር ተብሎ የተጀመረ ርኅራኄ እዚህ ላይ ይለያል። ሰካራሙ ሰውዬ ዘንድ የሄድሁት ደግ ስለሆነ አልነበረም፤ ስለዚህ ደግ አለመሆኑ አያስቀረኝም። የሄድሁት ስለሚያመሰግነኝም አልነበረም፤ ስለዚህ ስድቡ ያመኛል እንጂ አይመልሰኝም። የላከኝ ሌላ ነው። የላከኝን ደግሞ እወደዋለሁ። «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ብሏል። ጌታ እዚያ ቦታ ላይ «ጨዋ ለሆኑት»፣ «ለሚገባቸው» የሚል ቃል አልጨመረም። ተራብሁ፣ ተጠማሁ፣ እንግዳ ሆንሁ፣ ታረዝሁ፣ ታመምሁ፣ ታሰርሁ ብቻ ነው ያለው። የታሰረ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በግፍ አይደለም የሚታሰረው።

አሰጣጣችንንም ይለውጠዋል። ለምናከብረው ሰው ዕቃ ስናቀብል በሁለት እጃችን ነው፣ ጎንበስ ብለን። ለነዳይ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ጣል እናደርጋለን። መዳፉን እንዳንነካ እንጠነቀቃለን። ፊቱንም አናየውም። በዚያ መዳፍ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ያመነ ሰው ግን እጁ ራሱ ይታረማል። ቆም ይላል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያል፣ «እንዴት አደሩ?» ይላል። ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው። ሰውየው ግን ያን ዕለት ሰው ሰላም ብሎታል።

አሁን ወደ ሳምንቱ ወንጌል ልምጣ። መፃጉዕን አንብበናል፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው የተኛው በኢየሩሳሌም፣ በበጎች በር አጠገብ፣ ቤተ ሳይዳ በምትባለው መጠመቂያ ዳር ነው። ቤተ መቅደሱ ሩቅ አይደለም። ወንጌሉ ሲጀምር ደግሞ «የአይሁድ በዓል ነበረ» ይላል። በዓል ማለት ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ከተማውን የሚሞላበት ቀን ነው። መሥዋዕት የያዘ፣ ስእለት የተሳለ፣ ልጁን ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ሲተላለፍ ይውላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት በዓል አለፈ? ሰውየውም ጌታ ሲጠይቀው ስለ እግሩ አላወራም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው።

እኛም በየዓመቱ ይኼን ወንጌል ሰምተን «አቤት፣ ያሳዝናል» ብለን እንወጣለን። ግን ልብ እንበል። በአጠገቡ ያለፉት ሰዎች ከእግዚአብሔር የራቁ ሰዎች አልነበሩም። ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። በደጉ ሳምራዊ ታሪክም እንዲሁ ነው። ካህኑ በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር ይላል ሉቃስ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ካህኑ የሚወርደው ከኢየሩሳሌም ነው፤ ቤተ መቅደሱ ካለበት ከተማ። ጸሎቱን አድርሶ የሚመለስ ሰው ነው ያለፈው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊነሣብኝ ይችላል። «እንግዲያው እግዚአብሔርን መውደድ ርኅራኄን ያመጣል ያልኸው የት አለ? ከሁሉ በላይ የሚጾሙት፣ የሚሳለሙት ሰዎች አይደሉም ወይ ጨካኝ የሚሆኑት?» ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም አይቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ ደጅ ላይ ነዳይ የሚገላምጥ ሰው አይቻለሁ። ንግሥ ላይ ለመቅደም አረጋዊት የሚገፈትር ሰው አይቻለሁ።

ሐዋርያው ዮሐንስ ለዚህ ምንም ማለስለሻ አልፈለገለትም። «ማንም፦ እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለ ወንድሙን ቢጠላ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድና እግዚአብሔርን መውደድ በራሳቸው አንድ አይደሉም። ወደ እግዚአብሔር ቤት የምንሄደው ልንወደው ሊሆን ይችላል፤ ልናስፈጽመው የፈለግነው ጉዳይ ኖሮንም ሊሆን ይችላል። ቪዛው እንዲመታ፣ ፈተናው እንዲታለፍ፣ ንግዱ እንዲሰምር። ጉዳይ ይዞ መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ እርሱ አባታችን ነው፣ እንለምነዋለን። ግን ጉዳዩ ብቻ ከሆነ የወሰደን፣ መንገድ ላይ የተኛው ሰው ዕንቅፋት ነው የሚሆንብን። ያዘገየናል። እግዚአብሔርን ራሱን ፈልጎ የወጣ ሰው ግን መንገድ ላይም ሊያገኘው ይችላል።

ይኼን በአንድ እናት ሕይወት ላሳያችሁ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ብዙዎቻችሁ «እዳዬ» ብላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ወሎ በድርቅ ተመትታለች። እዳዬ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ፣ ትዳርና ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ተነሡ። ግሸን እንደምታውቁት አምባሰል ውስጥ ያለ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ አምባ ነው፤ ግማደ መስቀሉ ያረፈበት። ሰው ስእለቱን ይዞ፣ ያን አቀበት ወጥቶ የሚሳለመው ቦታ ነው።

እዳዬ እዚያው ወሎ ውስጥ ረኃቡን በዓይናቸው አዩት። እናቷ ሞታ፣ የእናቷን ጡት ለመጥባት የምትታገል ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና የጠበል ውኃ ነበር። እሱን ለተራቡት አካፈሉ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው። ዓመቱ ሳያልቅ በቤታቸው 21 ልጆች ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ነገሩን አልተቀበሉትም። እሳቸው ደግሞ ልጆቹን አልተዉም። ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ምግብ እየሠሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። ከዚያ የወጣው ድርጅት ብዙ ሺህ ሕፃናትና ቤተሰቦችን የደገፈ ሆነ። እሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት እስካረፉ ድረስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ሥራው አልቆመም።

በልባቸው የነበረውን እኔ አልናገርም፤ እሱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። እኔ የማየው የሄዱበትን ነው። የወጡት ለመሳለም ነበር። ወደ ቅዱስ ቦታ ሊሳለም የወጣ ሰው ያችን ሕፃን እንዴት ያልፋል? ቢያልፍስ የተሳለመው ምንድን ነው? መስቀሉ ላይ የተሰቀለው ራሱ «ተጠማሁ» ብሎ የለም ወይ? እዳዬ ጠበሉን ለተጠሙት ሲሰጡ ከመሳለም አልጎደሉም። እኔ እንደሚገባኝ የዚያን ቀን በደንብ ተሳልመዋል።

ደግሞ አርባ ዓመቱን አስቡት። ያች የመጀመሪያዋ ሕፃን ማንንም ታስለቅሳለች። አርባ ዓመት ሙሉ የሚያስለቅስ ነገር ግን የለም። አርባ ዓመት ማለት የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የሚያምፅ ጎረምሳ ነው፣ ጤፍ ሲወደድ ነው፣ የልጆች ኩፍኝ ነው። ያን የሚያሸክም ነገር ከማዘን በላይ መሆን አለበት።

ከሩቅ ዘመንም አንድ አባት ልጥቀስ፤ ቅዱስ ባስልዮስን። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ስላለን ስሙ ለጆሯችን አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ የኖረ ሰው ነው። ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወልዶ አቴና ድረስ ሄዶ ተማረ። ከዚያ ያን ሁሉ ትቶ የግብፅንና የሶርያን መነኮሳት ሊያይ ሄደ፤ መነነ። እግዚአብሔርን ብቻ ሊወድ የወጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

መነኮሳቱ ባስልዮስን ጠየቁት። የእግዚአብሔር ትእዛዛት ቅደም ተከተል አላቸው ወይስ ሁሉም እኩል ናቸው? እሱም ጌታ ለሕግ አዋቂው የመለሰውን ያዘ። አንደኛው «ጌታ አምላክህን በፍጹም ልብህ በፍጹም ነፍስህም በፍጹም አሳብህም ውደድ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም ይህን ይመስላል፤ ባልንጀራን መውደድ ነው። ይኼን ብሎ ግን ብቻውን ዋሻ ውስጥ የሚኖር መናኝን አላወደሰም። ብቻህን ከኖርህ የማንን እግር ታጥባለህ? ብሎ ጠየቀ። እኔ ይኼን ጥያቄ ካወቅሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጌታ ወገቡን ታጥቆ እግር ካጠበ፣ እርሱን የሚወድ ሰው የሚያጥበው እግር ሊኖረው ይገባል።

እንዳለውም አደረገው። በ360ዎቹ መጨረሻ ቀጰዶቅያን ብርቱ ረኃብ መታት። እህል ያላቸው ሰዎች ዋጋ እስኪንር ቆልፈው ያዙ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ባለጸጎቹን ፊት ለፊት ተናገራቸው። የያዝኸው እንጀራ የተራበው ነው፣ ሣጥንህ ውስጥ የታጠፈው ልብስ የታረዘው ነው፣ የሚሻግተው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ነው አላቸው። የሰውን ገንዘብ ይዛችሁታል ነው ነገሩ። ጎተራ አስከፈተ። የረኃብተኞቹን ሰልፍ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ሾርባ በድስት እያስቀረበ፣ ወገቡን ታጥቆ ራሱ አስተናገደ። ይኼን የጻፈልን ጓደኛው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። በኋላም ጳጳስ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ለሕሙማን፣ ለድኾች፣ ለመንገደኞች ማረፊያ ሠራ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች እዚያ አስጠጋ፤ እየሳመም ይቀበላቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ቦታውን «አዲስ ከተማ» ብሎታል።

እህል ቆልፈው የያዙት የቂሣርያ ሰዎችም ክርስቲያኖች ነበሩ እኮ። ይጾሙ ነበር፣ ያስቀድሱ ነበር። የጎደላቸው መረጃ አልነበረም፤ ረኃቡን ያዩታል። ልባቸው ግን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ እግዚአብሔር ጋ፣ ግማሹ ጎተራው ጋ። «በፍጹም ልብህ» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ነው ለድኻው የሚጠቅመው። ልቤ በሙሉ እግዚአብሔር ጋ ካልሆነ፣ የተረፈው ልቤ የት እንዳለ ለማወቅ ድኻ ደጄን ማንኳኳቱ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ወጣቶቹ የሚያነሡት። እግዚአብሔርን የማያምኑ፣ ወይም በሌላ እምነት ያሉ ሰዎች አይራሩም ወይ? ይራራሉ። ከብዙዎቻችን በላይ የሚራሩ አሉ። መንገድ ላይ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊ እኮ ለአይሁድ በሃይማኖት ባዕድ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምትደርሰው ሙስሊሟ ጎረቤታችን የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰው ሁሉ ልብ የእግዚአብሔር ሥራ ስለሆነ መራራት በሰው ሁሉ ውስጥ አለ። አረጋውያንንና ሕሙማንን የሚረዳውን የመቄዶንያን መፈክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው»። እውነት ነው። ሳሙና ይዞ አረጋዊ ሊያጥብ የመጣን ሰው ሃይማኖቱን መጠየቅ አይገባም።

ግን መቄዶንያ የሚለው ስም ራሱ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ያስታውሰኛል። ጳውሎስ የት እንደሚሰብክ ግራ ገብቶት ነበር። ወደ እስያ ሊሄድ ሲል መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ወደ ቢታንያ ሲሞክርም አልተፈቀደለትም። ጢሮአዳ ላይ ሌሊት ራእይ አየ። አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» እያለ ይለምነዋል። ጳውሎስ ሲፈልግ የነበረው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ነው። የመጣለት ግን የሰው የድረሱልኝ ድምፅ ነበር። እኛ ያመንን ሰዎች ስለዚህ ተጨማሪ ዕዳ አለብን። ሌላው ሰው በደግነቱ የሚያደርገውን እኛ ታዝዘናል። ያዘዘንን እንወደዋለን እንላለን። ጴጥሮስ የተጠየቀው ጥያቄ ለእኛም ነው።

እንግዲህ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ እንዴት ይመጣል? ልቤን ጠምዝዤ ላመጣው አልችልም። ሐዋርያው ዮሐንስ መልሱን በአጭሩ ነግሮናል። «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን።» ብዙ የተተወላት ብዙ ወደደች ተብሎ የተነገረላትን ሴት አስታውሱ፤ የጌታን እግር በእንባዋ ያጠበችውን። ጴጥሮስም በጎቹን የተረከበው ክሕደቱ ይቅር ከተባለለት በኋላ ነው። ይቅር የተባለ እረኛ የጠፋ በግ አይገፋም። የት እንደነበረ ያውቃል።

እኛስ? ቤተ ክርስቲያን ቆመን አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እንላለን። አርባ አንድ ጊዜ ማረን፣ ራራልን እንላለን። ከዚያ እንወጣለን። በሩ ላይ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ራሩልኝ ይለናል። ውስጥ የለመንነው ከልባችን ከሆነ፣ የለማኝን ልብ እናውቀዋለን ማለት ነው። እኛም አሁን ስንለምን ነበር የቆየነው። ይኼን ያሰበ ሰው ሳይሰጥ ቢያልፍ እንኳ ገላምጦ አያልፍም።

ለዚህ ነው ጸሎት ለበጎ አድራጎት ማኅበር ጌጥ አይደለም የምለው። ስብሰባ ስንጀምር በአንድ ደቂቃ አባታችን ሆይ ብለን ወደ በጀት እንገባለን። እኔ ግን የምንጠይቃቸውን ሰዎች በየስማቸው፣ የክርስትና ስማቸውንም አውቀን፣ አንድ በአንድ እየጠራን ብንጸልይ እላለሁ። የሰደበንንም ጨምረን። እግዚአብሔር ፊት ስሙን የጠራሁትን ሰው በነጋታው ልጠላው ስነሣ ራሴን እታዘበዋለሁ። ከሄድንም በኋላ አረጋውያኑ ይመርቁን። እንቀመጥና ምርቃታቸውን እንቀበል። የሚሰጡት ነገር አላቸው፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አናድርጋቸው። ፎቶውን ደግሞ ብንተወው ደስ ይለኛል። ሰው ራቁቱን ሲታጠብ፣ ሲያለቅስ፣ ሲጎርስ አይነሣም። የእናንተ እናት ብትሆን አታነሷትም።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏል። ቁርስና ምሳ ካልበላን፣ ያ የቁርስና የምሳ ገንዘብ አለ። የት ገባ? የጾሙ ወቅት ወጪያችን ከፍስኩ ከበለጠ፣ የሆነ ቦታ ተሳስተናል። ያን ብር ለብቻው ማስቀመጥ ቀላል ነው። በሳምንት ሲደመር ለአንድ አረጋዊ የደም ግፊት መድኃኒት ይገዛ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ሩቅ ሄደን የምንጠይቀው ሰው አለ፣ ጥሩ ነው። እቤታችን ያለችውስ? እሁድ ጠዋት ነጠላችን ተተኩሶ ይጠብቀናል። ከቅዳሴ ስንመለስ ቁርሱ ደርሷል፣ ቡናው ተቆልቷል። ያን ያደረገችው ከገጠር የመጣች፣ ምናልባት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እሷ ራሷ ካስቀደሰች ስንት ጊዜዋ ነው? እኛ እግዚአብሔርን ልንወድ የምንሄደው እሷን አስቀርተን ነው። ዕቃ ሰበረች ብሎ ከደመወዟ የሚቆርጥ ሰው፣ ተለይታ ማዕድ ቤት ቆማ እንድትበላ የሚያደርግ ሰው በመካከላችን ካለ፣ የማኅበራችንን ፎርም ከመሙላቱ በፊት ይኼን ያስተካክል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ብናደርግስ? ቅዳሜ ማታ የእሁዱን ሥራ አብረን እንጨርስ። ሽንኩርቱን እኛ እንክተፍ፣ ነጠላዋን እሷም ትተኩስ። የክርስትና ስሟን እንጠይቃት። የምትፈልገው ንስሐ አባት ከሆነ እናገናኛት፣ የማታ ትምህርት ከሆነም እናስመዝግባት። እሁድ ጠዋት ቤቱን ቆልፈን አብረን እንሂድ፤ ቁርሱ ስንመለስ ይደርሳል።